የአንድ ቤት ሁለት መኪኖች ሲገናኙ፦ ተሸነፈ ወይስ ለቀቀለት?

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «አቦ፣ እኔና ጓደኛዬ በድራግ ሬሲንግ ተከራክረን ሳንስማማ አደርን። ባለቤታቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። አንደኛው መንገዱን ሳያጋምስ ጎማው ጭስ በጭስ ሆነና ቀረ። ጓደኛዬ ‹ታዞ ነው፣ ለቀቀለት› ይላል። እኔ ደግሞ በአራት ሴኮንድ ውስጥ ማን ማንን ያዛል እላለሁ። ትእዛዝ የሚባል ነገር አለ? ካለስ በምን ይታወቃል? ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ከሆኑ ደግሞ ማን ተጎዳ?»

የድሬ ልጅ ነህና በአንተ ልመልስልህ። ትእዛዝ አለ። ነገር ግን ጓደኛህ በሚፈልገው ቦታ አይደለም። መኪናው ከተነሳ በኋላ ማንም ማንንም አያዝም፣ እዚህ ላይ አንተ ልክ ነህ። ትእዛዝ ካለ የተሰጠው መኪናው መነሻው መስመር ላይ ሳይደርስ ነው፤ አንዳንዴም ሹፌሩ ራሱ ሳያውቀው። ይህን ከሩቅ ሰምቼ አይደለም የምነግርህ። ድሬ ተመልሼ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት አሜሪካ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የድራግ ቡድን ሰባት ዓመት የፍሪሲዮን መካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሠራሁትንም ጥፋት እነግርሃለሁ።

ድራግ ሬሲንግ ሁለት መኪናና አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። መዞሪያ የለውም፣ ሁለተኛ ዕድልም የለውም። ዋናውን ውድድር የሚመራው ዋሊ ፓርክስ በ1951 ያቋቋመው ኤንኤችአርኤ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቶፕ ፊውልና ፈኒ ካር የሚባሉት ትልልቆቹ ክፍሎች ድሮ የሚሮጡት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነበር። በ2008 ሹፌሩ ስኮት ካሊታ ኢንግሊሽታውን የሚባለው ሜዳ ላይ ከሞተ በኋላ ርቀቱ ወደ 1,000 ጫማ፣ ወደ 305 ሜትር ገደማ ዝቅ ተደረገ። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ ነዳጁ እስከ 90 በመቶ ናይትሮሜቴን ነው፤ ጉልበቱ ወደ 11,000 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ጥሩ የቶፕ ፊውል መኪና ያንን መንገድ በ3.7 ሴኮንድ አካባቢ ይጨርስና ከ500 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እየበረረ ፓራሹቱን ይዘረጋል። ለዋናው ቀን 16 መኪና ያልፋል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገናኛሉ፣ የተሸነፈው ዕቃውን ይሸክፋል፣ አራት ጊዜ ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስዳል። ማን ከማን እንደሚገጥም የሚወስነው የማጣሪያው ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሦስትና አራት መኪና ያለው ባለቤት የራሱን ልጆች እርስ በርስ ሲያጋጥም መዋሉ የተለመደ ነው።

አሁን እኛ ሀገር ይህ ነገር ለምን ግር እንደሚል ልንገርህ። እኛ የቡድን ትእዛዝን በክፉ አናውቀውም። ሞስኮ 1980 ላይ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በ10,000 ሜትር ፊቱን እየተቀባበሉ ሌላውን ሲያደክሙ፣ ምሩጽ ወርቁን፣ መሐመድ ነሐሱን ሲወስድ፣ ማን ተቀየመ? አቴንስ 2004 ላይ ቀነኒሳና ስለሺ ሕመም ላይ የነበረውን ኃይሌን እየዞሩ ሲያዩት፣ እስኪደርስባቸው ቀዝቀዝ ሲሉለት፣ ዓይናችን እንባ ያቀረረው መከባበሩን አይተን ነው። በሩጫ ጓደኛህን የምትረዳው ሥራ ሠርተህ ነው። ፊት ትሆናለህ፣ ፍጥነት ትይዝለታለህ፣ ሌላውን ታደክምለታለህ። 25 ዙር ስላለ ለመረዳዳት ቦታ አለ።

በድራግ ይህ ሁሉ የለም። ጓደኛህ ከጎንህ በሌላው መስመር ላይ ነው፣ መንገዱ ላይ ሌላ ማንም የለም፣ ከአራት ሴኮንድ በኋላ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትወጣላችሁ። እዚያ መስመር ላይ ቆመህ የቡድን ጓደኛህን መርዳት የምትችለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመሸነፍ። የፎርሙላ ዋንን ወይም የሩጫን ልማድ አምጥቶ እዚህ ላይ የሚለጥፍ ሰው የሚሳሳተው ይህን ስለማያይ ነው።

ባለቤቱ ይህን ለምን ይፈልጋል? የዓመቱ ነጥብ ነው መልሱ። አንድ ዙር ማለፍ 20 ነጥብ ያስገኛል። በ2007 ደግሞ ካውንትዳውን የሚባል አሠራር መጣ። የዓመቱ መደበኛ ውድድሮች ሲያልቁ የላይኞቹ ብቻ ተለይተው፣ ነጥባቸው ተቀራርቦ እንደ አዲስ ይጀምሩ ነበር። መጀመሪያ ስምንት ነበሩ፣ በኋላ አሥር ሆኑ። አሥረኛ ሆኖ የገባ ሰው ሻምፒዮን ሊሆን ይችል ነበር፤ አሥራ አንደኛው ደግሞ ዓመቱ ያልቅበት ነበር። እንግዲህ አንዱ ልጅህ ቦታው የተረጋገጠ፣ ሌላው አፋፍ ላይ የቆመ ሆኖ ሁለቱ ቢገናኙ ምን ይመጣብሃል?

በ2009 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሆነው በትክክል ይህ ነው። ዩኤስ ናሽናልስ የሚባለው የዓመቱ ትልቁ ውድድር ነበር፤ ከካውንትዳውኑ በፊት የመጨረሻውም እሱ ነበር። በፈኒ ካር ግማሽ ፍጻሜ ጆን ፎርስ ከሮበርት ሃይት ተገናኘ። ፎርስ የቡድኑ ባለቤት ነው፣ በሥራ ዘመኑ 16 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው። ሃይት ያኔ የእሱ ሹፌርም አማቹም ነበር፣ ከአሥሩ ውስጥ መግባቱም ገና አልተረጋገጠም። ሃይት አሸነፈ። ወዲያው ቶኒ ፔድረጎን የሚባለው ተወዳዳሪ፣ ራሱ በ2003 በፎርስ ቡድን ውስጥ ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ «ለቀቅህለት» ብሎ በካሜራ ፊት ተጋፈጠው። ጩኸቱን ያየ ሰው አይረሳውም። በፍጻሜው ሃይትን ያሸነፈችው ደግሞ የፎርስ ልጅ አሽሊ ናት። ውጤቱ ጸና፣ ሃይት አሥረኛ ሆኖ ገባ፣ ከዚያም የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ፎርስ ለቀቀ ብዬ አልፈርድም። የምፈርደው በሌላ ነገር ነው፤ «ማን ተጎዳ» ባልከው ላይ። የተጎዳውን ሰው መንገዱ ላይ አታየውም። እሱ ከተወዳዳሪዎቹ ሰፈር ቆሞ የሌሎችን ውድድር በቴሌቪዥን እያየ አሥረኛነቱን በጣቱ የሚቆጥረው ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ቴስታታ ሲፈታ የኖረው መካኒኩም አለ። ሁለቱ መስመሮች ላይ ያሉት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ እውነት ነው፤ ሦስተኛው ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው፣ ሰዓቱም የሚሠራው ለእሱ ጭምር ነው። ናስካር የሚባለው ሌላው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ማኅበር ይህን በ2013 በደንብ አሳይቷል። ሪችመንድ ላይ ራያን ኒውማን እየመራ ሳለ፣ ጥቂት ዙር ሲቀር ክሊንት ቦውየር መኪናውን አሽከረከረ፤ ቢጫ ባንዲራ ወጥቶ ሁሉም ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ኒውማን ቦታውን አጣ፣ የቦውየር ቡድን ሌላው ሹፌር ወደ ማጠቃለያው ገባ። ማኅበሩ ቡድኑን 300,000 ዶላር ከመቅጣት አልፎ ኒውማንን ወደ ቦታው መለሰው፣ ጄፍ ጎርደንንም 13ኛ አድርጎ ጨመረው። ከቅጣቱ ይልቅ የወደድኩት የተገፋውን ሰው ፈልገው ማግኘታቸውን ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። እኛ የምንሠራው ከትልልቆቹ በታች ባለው፣ በሜታኖል በሚሄደው ክፍል ነበር። ባለቤታችን ሁለት መኪና ነበረው። አንድ እሑድ ሁለቱ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ፍሪሲዮኑን የሚያጣብቀው በመዞር ኃይል የሚጫን ክብደት ነው፤ ክብደቱን ብትቀንስ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ጉልበቱ ወደ ጎማ በሙሉ አይደርስም። ባለቤቱ ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከአንደኛው መኪና ላይ ጥቂት ግራም እንዳነሳ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። አነሳሁ።

ሹፌሩ ምንም አላወቀም። መነሻው ላይ ከጓደኛው ቀድሞ ነበር የተነሳው፣ ውብ አድርጎ። መሃል ላይ ተቀደመ። ሲመለስ የራስ ቁሩን አውልቆ በቀጥታ ወደ እኔ መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ። «ሥራህን አበላሸሁብህ፣ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ» አለኝ። ያን ማታ እስኪመሽ የራሱን ስህተት በሰዓት ወረቀቱ ላይ ሲፈልግ አየሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «ሹፌሩ ምሎ ተናግሯል፣ አልለቀቅኩም ብሏል» ሲለኝ አምነዋለሁ፤ ግን ክርክሩ በዚያ አያልቅም እላለሁ። ሹፌሩ እውነቱን ሊናገር ይችላል፣ ውድድሩ ግን የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

በትልልቆቹ ክፍሎችም የነገሩ ሥር ይኸው ነው። በጉዞ ላይ ሞተሩን የሚያስተካክል ኮምፒውተር አይፈቀድም፤ የተፈቀደው መረጃ መዝጋቢ ነው። ፍሪሲዮኑ መቼ እንደሚይዝ፣ ነዳጁ መቼ እንደሚጨምር፣ እሳቱ መቼ እንደሚዘገይ ዋናው መካኒክ አስቀድሞ በሰዓት ቆጣሪ ይሞላዋል። ሹፌሩ መሪና ነዳጅ መርገጫ አለው፤ የሚወዳደረው ግን ሌላ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት በወሰነው ውሳኔ ላይ ተቀምጦ ነው።

ለዚህ ነው «በሕግ ይከልከል» ሲሉኝ ልቤ የማይሞላው። ፎርሙላ ዋን ሞክሮታል። በ2002 ኦስትሪያ ላይ የፌራሪው ባሪኬሎ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ለቡድን ጓደኛው ለሹማከር ለቀቀ፣ ተመልካቹ ጮኸ፣ ከ2003 ጀምሮ የቡድን ትእዛዝ ተከለከለ። በ2010 ጀርመን ላይ ፌራሪ ለማሳ «ፈርናንዶ ካንተ ይፈጥናል» የሚል መልእክት በሬዲዮ ላከ፤ ማሳም የቡድን ጓደኛውን ፈርናንዶ አሎንሶን አሳለፈው። 100,000 ዶላር ተቀጡ፣ በ2011 ክልከላው ራሱ ተነሳ። ሬዲዮ ባለበት ትእዛዙ ወደ ቅኔ ተለወጠ። በድራግ ደግሞ ቅኔም አያስፈልግም፣ ጥቂት ግራም ይበቃል።

እንግዲህ በምን ይታወቃል ላልከኝ። እያንዳንዱ ሹፌር ሲጨርስ የሰዓት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ በቴሌቪዥንም ይታያሉ። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች እንዳሉ ልብ በል። አንደኛው የምላሽ ሰዓት ነው፤ የገና ዛፍ የሚሉት የመብራት ምሰሶ አረንጓዴ ካበራ በኋላ መኪናው ከመነሻው ጨረር ለመውጣት የፈጀበት ጊዜ። በባለሙያዎቹ ክፍል ሦስቱ ቢጫ መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበራሉ፣ ከ0.4 ሴኮንድ በኋላ አረንጓዴው ይከተላል። ሁለተኛው የጉዞ ሰዓት ነው፤ እሱ መቁጠር የሚጀምረው መብራቱ ሲበራ ሳይሆን መኪናው ሲነቃነቅ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የተነሳ ሰው የጉዞ ሰዓቱ አምሮ ሊሸነፍ ይችላል። አንደኛው በ0.050 ምላሽና በ3.780 ጉዞ ቢገባ ድምሩ 3.830 ነው። ሌላው በ0.095 ምላሽና በ3.740 ጉዞ ቢገባ 3.835 ይሆናል። ፈጣኑ መኪና ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ተሸነፈ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ውጤቱን ያየ ሰው «እንዴት ፈጣኑ ተሸነፈ፣ ነገር አለ» ይላል። ነገር የለም፣ ሹፌሩ ተኝቶ ነው።

መልቀቅ የሚፈልግ ሹፌር መጀመሪያ የሚያስበው ዘግይቶ መነሳትን ነው። ቀኑን ሙሉ በ0.06 እና በ0.07 የተነሳ ሰው ከጓደኛው ጋር ሲገናኝ በ0.200 ቢነሳ ሁሉም ያየዋል። ብልጥ የሆነው ግን ይቸኩላል። ከአረንጓዴው በፊት ከወጣ ቀይ ይበራበትና እዚያው ይወድቃል፤ ለማሸነፍ ቸኮለ ተብሎ ደግሞ ይታዘንለታል። ከሁሉም ይልቅ የምጠራጠረው ቀዩን ነው። ሆኖም ቀይ በንጹሕ ውድድርም ዘወትር የሚበራ ነገር ስለሆነ፣ በአንድ ቀይ ብቻ ማንንም መክሰስ አልችልም።

ቀጥሎ የ60 ጫማውን ሰዓት ተመልከት፣ 18 ሜትር ገደማ ናት። ጥሩ የቶፕ ፊውል መኪና እዚያ የሚደርሰው በ0.84 ሴኮንድ አካባቢ ነው። መኪናው በየዙሩ እዚያው ገደማ ውሎ፣ ከጓደኛው ጋር ሲገናኝ ብቻ፣ ጭስ ሳያወጣና ድምፁ ሳይለወጥ በ0.95 ቢገባ፣ አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን ነክቶታል። የእኔ ግራሞች ዱካ እዚያ ላይ ነበር የቀረው፤ ሌላ መካኒክ ወረቀቱን ቢያይ ያውቀው ነበር።

ጭስ ግን፣ ጓደኛህ ይቅር ይበለኝና፣ ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ የከዚራ አስፋልት እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። የድራግ መንገድም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጎማውን የያዘው አስፋልት ፀሐይ ሲያገኘው ይከዳል። ዋናው መካኒክ ለማሸነፍ ሲል ጉልበቱን መንገዱ ሊይዘው እስከሚችለው ጫፍ ድረስ ያደርሰዋል፤ ጫፉን በትንሹ ካለፈ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭሱ ይወጣል። እኔ ካየኋቸው ጭሶች አብዛኞቹ የስስት ጭሶች ናቸው። መልቀቅ የሚፈልግ መካኒክ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በአንድ ባለቤት ስር መሆን ሌላም ጥቅም እንዳለው አትርሳ፤ እሱ ንጹሕ ነው፣ አደንቀዋለሁም። ከድሬ ተነስተህ በደንገጎ ወደ ሐረር ስትወጣ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ፔጆ እንዴት እንደሚያለከልክ ታውቃለህ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበትና ሞተሩ ይታፈናል። ኮሎራዶ ውስጥ እስከ 2023 የሚሠራ ባንዲሜር የሚባል የድራግ ሜዳ ነበር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,770 ሜትር። እዚያ የሚሄድ ሁሉ በሌላ ቦታ የለመደውን ልክ ትቶ እንደ አዲስ መፈለግ ነበረበት። አንድ መኪና ያለው ቡድን በአንድ ማጣሪያ አንድ ነገር ይማራል፤ አራት ያለው አራት ነገር ይማራል። ወንድምህ ከአንተ በፊት በግራ መስመር ሄዶ የሰበሰበውን መረጃ ታያለህ፣ ፒስተን ቢቀልጥብህ የእሱን ሰዎች ትጠራለህ፣ ብየላ ብታጣ ከእሱ ሳጥን ትወስዳለህ። ይህ ሁሉ መኪናህን ያፈጥናል፣ ከሌላው ሰው ደግሞ ምንም አይቀማም። እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛህን የሚያፈጥን እርዳታ ሁሉ ይሁን፤ ራስህን የሚያዘገይ እርዳታ ግን የሦስተኛውን ሰው ዳቦ ነው የምትሰጠው። ያንን ሹፌር ከዓመታት በኋላ ስልክ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ አመስግኖኝ ዘጋው። አልደወለልኝም፣ አልፈርድበትም።

ያያችሁትን ውድድር ቪዲዮ መልሳችሁ ክፈቱትና ጭሱን ትታችሁ ድምፁን አዳምጡ። ጎማው ሲሽከረከር ማሸነፍ የሚፈልግ ሹፌር እግሩን ያነሳል፣ ጎማው እስኪይዝ ይጠብቃል፣ መልሶ ይረግጣል። የሞተሩ ጩኸት ተቋርጦ እንደገና ይነሳል፤ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሞክራል፣ ሞተሩንም በዚህ ያቃጥላል። ያንን ሁለተኛ ጩኸት ከሰማችሁ፣ ያ ሰው እስከ መጨረሻው እየታገለ ነበር። ካልሰማችሁ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጓደኛው የት እንደደረሰ እዩ። ሩቅ ሄዶ ከነበረ እግሩን ማንሳቱ ሞተሩን ለማዳን ነው፣ ማንም ያደርገዋል። ገና ጎን ለጎን ሳሉ አንስቶ እንደዚያው ከቀረ ግን የ60 ጫማውን ሰዓት ከጠዋቱ ዙሮች ጋር አስተያይታችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።